መብረቅ ሲመጣ ሶኬት ይነቀላል

ሰኔ 2፣ ሰኞ

እህቴ ዛሬ ሥራ ጀመረች። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ኋላ ሰው ሌላ ሌላውን ሲያወራ እኔም እንዳልረሳው። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሰው ሲፈልግ ለጋሼ ሽቦ «ታናሽ እህት አለችኝ፣ እጇ አይከፋም» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አይከፋም ነው ያልኩት። ከዚያ በላይ አላልኩም።

ጋሼ ሽቦ አለቃችን ናቸው። ከኪሳቸው ቁራጭ ሽቦ ስለማይጠፋ ሆስፒታሉ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸውም ለምደውታል። ክፍላችን ከደረጃው ሥር ነው። ጎረቤታችን ልብስ ማጠቢያው ስለሆነ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እስከ ዛሬ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ዛሬ ሦስተኛ ወንበር ገባና የእኔን ወደ ግድግዳው አስጠጉት።

ለእኔ ያኔ የነገሩኝን ለእሷም ቃል ሳይቀይሩ ነገሯት። «እዚህ ቤት የከፈተ ይዘጋል። ማሽን ከከፈትሽ እስኪድን ያንቺ ነው። የሌላ ሰው ክፍት ማሽን ላይ ሳይጠሩሽ እጅሽን አትከቺም።»

«እሺ ጋሼ። ከጠሩኝስ?» አለች እየሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ስሰማው ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሙከራ ጊዜዋ ነው። ጋሼም ጡረታ የሚወጡት ያኔ ነው። የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ለማን እንደሚያስረክቡ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር። ቁልፉን የያዘ ነው የክፍሉ ኃላፊ።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ባለ ቀይ እጀታውን ብሎን መፍቻቸውን ሰጧት። «ለጊዜው ተጠቀሚበት» ብለው። ለእኔ በዓይን እንጂ በእጅ ደርሶኝ አያውቅም። ትንሽ ነገር ነው። ለምን እንደምጽፈው እንጃ።


ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሆስፒታሉ ማሽኖች ሁሉ አዲስ ሲስተም እየተጫነባቸው ነው። አሮጌው ግን አይነሳም፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ከእሱ ውጪ አንሠራም ብለዋል። ስለዚህ አንድ ማሽን ላይ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ሲበራ የቱን እንደምንፈልግ ይጠይቀናል። ዛሬ የላቦራቶሪውን የመጀመሪያ ማሽን ጨርሼ አስነሳሁት። ጥቁር ስክሪን። «የሚነሳ ሲስተም አልተገኘም» ይላል። ዲስኩን ፈተሽኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። እንደገና ጫንኩ። ያው ነው። ላብ በላብ ሆኜ ሳለ ጋሼ መጡና ምን ሆነ አሉኝ። «ዲስኩ ሞቷል» አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «እታለም፣ ልይልሽ?» አለች። እንደ ሕጉ ጠየቀች፣ ምን ይወጣላታል። በጋሼ ፊት እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወደ ማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አለችና ፍላሽ ነቅላ አወጣች። ጠዋት ፋይል ገልብጬበት የረሳሁት ባዶ ፍላሽ ነው። ማሽኑ ዲስኩን ትቶ እዚያ ባዶ ፍላሽ ላይ ሲስተም ሲፈልግ ነው የዋለው። ደግማ ስታበራው ምንም እንዳልሆነ ተነሳ።

«እኔም ስንቴ ተሸውጃለሁ» አለች፣ ጋሼ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። ልታድነኝ መሆኑ ነው። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።


ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ፍላሽ። እንደ ጀማሪ።

የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ (ወሬ ስለማያመልጣት ሬዲዮ ነው የምንላት) ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «የእህትሽ እጅ ግን ሌላ ነው አሉ» አለችኝ። አሉ የሚባለው ማን ነው? ከእኔና ከጋሼ በቀር ማን አየ? ጋሼ ናቸው የነገሯት ማለት ነው። ወይም እሷው ራሷ። አይ፣ እሷ አትናገርም። ባትናገርም ያው ነው።


ሰኔ 15፣ እሑድ

ዝናቡ ገባ። እማዬ ደግሞ መሯሯጧን ጀመረች።

እማዬ መብረቅ ትፈራለች። እኛ ልጆች ሳለን መብረቅ በሽቦው ገብቶ የአባዬን ቴፕ አቃጥሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ትንሽ ካጉረመረመ «ንቀሉ፣ ልጆች፣ ንቀሉ» ብላ ቤቱን ትዞራለች። ማጥፋት አይበቃትም። ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ሽቦው መሬት ላይ ተኝቶ በዓይኗ ካላየች አትቀመጥም። ታናሼ ትስቅባታለች። «እማዬ፣ መብረቅ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ መሰለሽ እንዴ» እያለች ትነቅልላታለች። እኔ አልስቅም። ሆስፒታልም ይዤው ሄጃለሁ፤ የላቦራቶሪ ሰዎች በክረምት ማታ ማታ ሲወጡ ማሽኖቹን ከሶኬት ነቅለው ካልሆነ ዓይናቸውን አላይም። ይቀልዱብኛል ግን ይነቅላሉ።

ዛሬ ምሳ ላይ እማዬ የዳቦውን ቅርፊት፣ ያን ጥብስ ያለውን ጫፍ፣ ቆርሳ ለታናሼ አስቀመጠችላት። ያለወትሮዋ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። «አንቺ እኮ ለስላሳውን ነው የምትወጂው» ትለኛለች። ማን ነው እንዲህ ያላት? አንድም ቀን ለስላሳ እወዳለሁ ብዬ አላውቅም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፤ ስለ ዳቦ ቅርፊት እጽፋለሁ።


ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሥራውን ከፈሉልን። ላቦራቶሪው ለእኔ፣ የመዝገብ አዳራሹ አራት ማሽኖች ለእሷ። በሽተኛ ሁሉ የሚገባው በመዝገብ አዳራሹ ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ የሚያየው እሱን ነው። ላቦራቶሪ ማን ይገባል? ደም ለመስጠት ዞሮ የሚያይ ካለ ነው።

«እሷ ሰው ትችላለች፣ አንቺ ደግሞ ዝምታ ትወጃለሽ» አሉኝ። ይኸው፣ ሌላ የምወደው ነገር ተገኘልኝ።

ሲወጡ ደግሞ «ክረምቱን በሰላም የተሻገረ ክፍል ነው ቁልፉን የሚወስደው» አሉ፣ ለሁለታችንም፣ እንደ ቀልድ። ቀልድ አልነበረም።


ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

በመዝገብ አዳራሹ ሁለት ማሽኖች ጠዋት ሲነሱ ኔትወርክ የላቸውም። አዲሱ ሲስተም ኔትወርክ ካርድ የሚባል ነገር አላይም ይላል። ካርዱ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ በዓይን ይታያል። ለሲስተሙ ግን የለም። ከኋላ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ጠፍታለች። ሰልፉ እስከ በረንዳው ዝናብ ድረስ ደረሰ። እህቴ ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክካ ዋለች።

ጨካኝ አይደለሁም፣ ለሕመምተኞቹ አዘንኩ። ስለ ቀረው አልጽፍም።

እሺ፣ ልጻፈው። ቅቤ የጠጣሁ ያህል ደስ አለኝ።


ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የእኔዎቹ ይሠራሉ። አንድም ቀን ካርድ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ያው ዓይነት ማሽን፣ ያው ሲስተም፣ ያው ካርድ ነው። ጋሼ ዛሬ ላቦራቶሪ ድረስ መጥተው አዩና «እንዴት አድርገሽ ነው የጫንሽው?» አሉኝ። «በጥንቃቄ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል፣ ከጥንቃቄ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

እሷ የመጫኛ ፍላሼን ለመነችኝ። ሰጠኋት። በእሱ ደግማ ጫነች። ነገ እናያለን።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በፍላሼም አልሆነላትም። አሁን አራቱም ካርድ የላቸውም። እንግዲህ ከእጅ ነው።


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ነገሩ እንግዳ ነው። ሳጥኑን ፈትታ፣ ካርዱን ነካክታ ስትገጥመው ይሠራል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ሬዲዮ ታጨበጭባለች፣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የለም። «ካርዶቹ በአንድ ሌሊት ነው እንዴ የሚሞቱት» ትላለች እህቴ። ማታ ተረኞቹ አሮጌውን ሲስተም ነው የሚጠቀሙት፣ የድንገተኛ ክፍሉ ፕሮግራም ከሱ ውጪ አይሠራምና። በሱ ላይ ኔትወርኩ ደህና ነው ይላሉ። ችግሩ ጠዋት አዲሱ ሲነሳ ነው።

ጋሼ ዛሬም ከጎኗ ወንበር ስበው ተቀምጠው ሻይ አጠጧት። ሲሳካላትም ሻይ፣ ሲበላሽባትም ሻይ። እኔ ማሽኖቼ ደህና ስለሆኑ ማንም አይመጣብኝም።


ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

አገኘሁት።

ታናሼ ዛሬ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ካርዶቹን ልትነካካ ሆስፒታል ገብታለች። እኔ ቤት ነበርኩ። የቤታችን ኮምፒውተርም ሁለቱም ሲስተሞች አሉበት፣ እሷው ናት የጫነችው። በአሮጌው አንድ ነገር ስጽፍ ቆየሁና ዘጋሁት። ከዚያ በአዲሱ አስነሳሁት፤ ካርድ የለም። ልክ እንደ መዝገብ አዳራሹ። ዘግቼ አስነሳሁት፣ የለም። እንደገና፣ የለም። በዚህ መሃል ሰማዩ ነጎደ፤ እማዬ «ንቀሉ» እያለች ከኩሽና ብቅ አለችና ሳልከለክላት መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለችው። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅሁና ሰክቼ አስነሳሁት። አለ። መብራቷም አረንጓዴ።

ደገምኩት። በአሮጌው ከፍቼ ዘጋሁ፤ በአዲሱ ካርድ የለም። ነቀልኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ሰካሁ፤ አለ። ሦስቴ ሞከርኩት፣ አንዴም አልሳተም።

አሮጌው ሲስተም ሲዘጋ ካርዱን አስተኝቶት ነው የሚሄደው። አዲሱ ደግሞ የተኛ ካርድ አይቀሰቅስም፣ ከናካቴው አያየውም። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፤ ካርዱም እንደተኛ ያድራል። ከግድግዳው ሲነቀል ግን ሁሉንም ይረሳና ሲሰካ እንደ አዲስ ይነሳል። እህቴ ሳጥኑን ለመፍታት ስትነቅለው ነው የሚድነው። የላቦራቶሪ ማሽኖቼም ደህና የሆኑት በአሮጌው ሠርተው ሲያበቁ ማታ ማታ ስለሚነቀሉ ነው። በጥንቃቄ አይደለም። በመብረቅ ፍራቻ ነው። በእማዬ።

ሳቄ መጣ። እማዬን አቅፌ ግንባሯን ሳምኳት። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ካርዱን ቀሰቀስሽው። ሲነቀል ነው የሚነቃው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ ያጣውን አንቺ አገኘሽው» አልኳት። ምንም ባይገባትም ደስ አላት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያወቅሽው አንቺ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ቆማ ትንሽ አየችኝ።

እህቴ ማታ ርሳ፣ ጉልበቷ አቧራ ሆኖ ገባች። ልነግራት ነበር። እማዬ ፎጣ ይዛ ሮጠች፣ ሾርባ ሞቆ ተቀምጦላት ነበር፣ የዳቦው ቅርፊትም። ደክሟታል፣ ሰኞ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት።


ሐምሌ 21፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። ልነግራት አዳራሹ ድረስ ወርጄ ነበር። ጋሼ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር፣ ስለ አንድ ነገር እየሳቁ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። እህቴ «እታለም፣ ምነው?» አለች። «ምንም። ፍላሼን ፈልጌ ነው» አልኩ።

የከፈተ ይዘጋል ነው ሕጉ። እኔ አላወጣሁትም። ሳልጠራ እጄን አልከትም።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጠራችኝ።

ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ጠብቃኝ «እታለም፣ እባክሽ እይልኝ፣ አእምሮዬ ደረቀ። የአንቺዎቹ ለምንድነው የሚሠሩት? ምንድነው የተለየ የምታደርጊው?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እጄን ያዘችኝ፤ ልጅ ሳለች መንገድ ስንሻገር እንደምትይዘኝ በሁለት ጣቷ።

«ካርዶቹ ይሆናሉ። ቀይሪያቸው» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ። ትንሽ ቆይቼ እነግራታለሁ። ትንሽ ብቻ ይቅመሳት፤ እንደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ላብ በላብ ሁና ትቁም። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። በዚህች ቀናሁ፤ አዝዬ ባሳደግኋት።


ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

አዲሶቹ ካርዶች መጡ። ገጠመች። በእርግጥ ሠሩ፣ ሲገጠም ይነቀላላ። አዳራሹ ውስጥ ዘፈን ቀረሽ ደስታ ሆነ። ጮሃ አቀፈችኝ። «ይኸውልሽ፣ አንቺ ባትኖሪ» አለችኝ በጆሮዬ።

ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።


ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

አዲሶቹም ጠፉ። ፊቷን አየሁት። ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

አንድ ነፍሰ ጡር ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ደህና ናት። ደህና መሆኗን ሁለቴ ሄጄ ጠየቅሁ።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

እህቴ አትበላም። እማዬ የዳቦ ቅርፊት ብታቀርብላትም ገፋ አደረገችው። ሰሃኑ ጠረጴዛው መሃል ቀረ፤ እኔም አልነካሁትም።

«ምነው አትረጃትም? አንቺ እኮ ታላቋ ነሽ» አለችኝ እማዬ ሳህን ሳጥብ። «ሌሊት እያለቀሰች ትራሷን ታረጥባለች፤ አትሰሚም?» እሰማለሁ። አልጋችን አጠገብ ላጠገብ ነው። ግድግዳ ዞሬ ነው የምተኛው።

«ሥራው የእሷ ነው እማዬ። ሳልጠራ አልገባም» አልኩ። ውሸት ከመልመዴ የተነሳ እማዬ ፊት እንኳ ምላሴ አልተያዘም። ተጠርቻለሁ እኮ።


ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አስተዳደሩ ለጋሼ ነገራቸው። በዚህ ሳምንት የመዝገብ አዳራሹ ካልተስተካከለ የእህቴ የሙከራ ጊዜ አይጸድቅም፣ ትሰናበታለች። ጋሼ ክፍሉን ዘግተው እኔን ብቻ አስቀሩኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ችሎታ የላትም እንዴ?»

አላት ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። «ልምድ ይጎድላታል ጋሼ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኪሳቸው ሽቦዋን አውጥተው እያጠማዘዙ ቆዩና «ቁልፉ ያንቺው ነው መሰለኝ» አሉ።

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ሐሙስ እማዬን ለደም ግፊት ቀጠሮዋ አመጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ለእህቴ እነግራታለሁ። ሐሙስ ማታ። ከሐሙስ አላሳልፍም። ዓርብ ጠዋት ማሽኖቹ ይነሳሉ፣ ከሥራም አትባረርም፣ ቁልፉም ቁልፍ ነው። ማንም አይጎዳም።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር።

እማዬን ይዤ መዝገብ አዳራሹ ገባሁ። አራቱ ማሽኖች እንደ ተለመደው ኔትወርክ የላቸውም። ሬዲዮ በወረቀት ትመዘግባለች፣ ሰዉ ያጉረመርማል። እህቴ የመጨረሻው ማሽን ላይ ተደፍታለች፤ ሳጥን መፍታት ከተወች ሰንብታለች፣ ትዕዛዝ እየጻፈች ታጠፋለች። እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ የቀጠሮ ካርዷን ላወጣ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ሰማዩ ነጎደ። መስኮቱ እስኪርገበገብ።

ዞር ስል እማዬ ወንበሯ ላይ የለችም። ነጠላዋን አሸርጣ በሬዲዮ ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። «ንቀሉ፣ ልጆች» አለችና አራቱም ማሽኖች የተሰኩበትን ማከፋፈያ ከግድግዳው ነቀለችው። አራቱም ድርግም አሉ። ሬዲዮ ጮኸች። አንድ ሰውዬ «አሮጊቷ አበዱ» አለ። እህቴ እየሮጠች መጣች። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ፣ ሥራ ቦታ እኮ ነው» አለች እህቴ፤ ለቅሶም ሳቅም በሚመስል ድምፅ። እማዬን ከጠረጴዛው ሥር አወጣቻትና መልሳ ሰካችው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሬዲዮ ናት ያየችው። «ገባ» አለች። «ኔትወርኩ ገባ። የእኔ ገባ። የእሷም።» ከአራቱም ማሽኖች ኋላ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች።

እህቴ ተነቅሎ የተሰካውን ማከፋፈያ ታያለች፣ መብራቱን ታያለች። ነገሩ ወደ ጭንቅላቷ ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ያኔ ቢያበቃ ኖሮ እሷ አገኘችው ይባል ነበር። እማዬ ግን አዳራሹ ሁሉ ሲያያት አፍራ፣ ራሷን ለመከላከል ጀመረች።

«ምን ያስደነግጣችኋል? ሲነቀል ነው የሚነቃው። ትልቋ ልጄ ነግራኛለች።» እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እንዲያ ኮርታብኝ አይቻት አላውቅም። «ይችውላችሁ፤ እሷ ናት ያወቀችው። ሆስፒታሉ በሙሉ ያጣውን አገኘሁት ብላ ግንባሬን ስማኛለች። ያ ትልቁ ዝናብ የዘነበ ቅዳሜ፣ ሐምሌ ላይ።» ወደ እህቴም ዞረች። «አንቺ አልነበርሽም፣ እዚህ ሥራ ገብተሽ ርሰሽ የመጣሽ ዕለት።»

ሕይወቴን ሙሉ እናቴ በሰው ፊት እንዲህ እንድትለኝ ስመኝ ነበር።

እህቴ አየችኝ። አልጮኸችም። «ሐምሌ» ብቻ አለች። ከዚያ እማዬን ክንዷን ይዛ ወደ ወንበሯ መለሰቻትና «ነይ እማዬ፣ ቀጠሮሽ እንዳያልፍ» አለቻት።


ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አሮጌው ሲስተም ላይ ካርዱን የሚያስተኛውን ማስተካከያ አገኘችውና በአራቱም ላይ አጠፋችው። ከእንግዲህ ነቀሉ አልነቀሉ ይነሳሉ። ላቦራቶሪም ገብታ የእኔዎቹን አስተካከለች። ሳትጠራ።

ጋሼ ማን አገኘው ብለው ሲጠይቁ ቆሜ ነበር። «እህቴ ናት» አለቻቸው። «ትናንት እናታችን ስትነቅለው እሷ ነገሩን ያዘችው።» ትናንት አለች። ሬዲዮ ከበሩ ላይ ሰምታ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየችና፣ ይህች ሬዲዮ፣ አፏን ዘጋች።

ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ ጠብቄ «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«ምን ልበል ታዲያ? ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ስትሰሚኝ ነበር፣ አጠገቤ ተኝተሽ። ይህን ለሰው እንዴት ብዬ ልንገር?» አለች። እርምጃዋን ቀጠለች። ከትናንት ወዲህ እታለም ብላ አልጠራችኝም።


ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

የእህቴ የሙከራ ጊዜ ጸደቀ። ጋሼ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፣ በቁራጭ ሽቦ አስረው። «ክፍሉን አደራ። እህትሽንም» አሉኝ። ብሎን መፍቻውን ከእሷ አልወሰዱም።

ቁልፉ ቀላል ነው። የሚከብድ ይመስለኝ ነበር።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አክስቴና ጎረቤታችን ለእንኳን ደስ ያላችሁ መጡ። እማዬ ሽር ጉድ ስትል ዋለች። ሻይ ከመቅረቡ በፊት ወሬውን ጀመረችው፤ ሰሞኑን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራዋለች፣ በተናገረችው ቁጥር እያሳመረችው። ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደገባች፣ ሬዲዮ እንዴት እንደጮኸች። አክስቴ እስክታነባ ሳቀች።

«እኔ ምን ሠራሁ» አለች እማዬ። «ይች ናት ቀድማ ያወቀችው። በይ እስቲ ንገሪያቸው፣ መቼ ነበር?»

«ተይው እማዬ» አልኩ።

«ምን ታፍሪያለሽ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

እህቴ የሻዩን ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። አልገባችም፣ አልወጣችም። «ንገሪያቸው፣ እታለም» አለች።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እታለም ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እጄም እሱ ላይ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ።

«ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ» አልኩ። «በሳምንቱ ሐሙስ እርጂኝ ብላ እጄን ያዘችኝ። ካርዶቹን ቀይሪያቸው አልኳት። ካርዱ እንዳልሆነ እያወቅሁ።»

አክስቴ አልገባትም። «ተባረኪ፣ የሁለታችሁም እጅ ይባረክ» አለች። ጎረቤታችን ግን ስኒዋን ማየት ጀመረች። እማዬ የስኳር ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ወደ እህቴ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ፤ ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ከንፈሯ ይናገራል።

«ያን ጊዜ እኮ ሌሊት ታለቅስ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ እማዬ» አልኩ።

እህቴ ገባችና ሻዩን አዞረች። የእኔን ስታስቀምጥ ስኳሩን እንደምወደው አድርጋ አማሰለችልኝ፤ ሳታየኝ። ከውጪ ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቀጥሎ በቅርብ ነጎደ። ሁላችንም እማዬን ጠበቅናት። ማንኪያውን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ንቀሉ አላለችም።

ተነስቼ ቤቱን እየዞርኩ ሁሉንም ነቀልኩ።